ለሐኪሟ «ተሽሎኛል» ያሉት የወይዘሮ ቡዋሎይ የሕይወት ታሪክ

አስከሬኑ የሚቃጠልበት እሳት ከመለኮሱ በፊት፣ እዚህ ለተሰበሰባችሁ ሁሉ የወይዘሮ ቡዋሎይን ኑሮ ባጭሩ እናሰማችኋለን።

ወይዘሮ ቡዋሎይ በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር በ2507 ከአባታቸው ከአቶ ካምፔንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲዳ እዚሁ ቾናቦት ተወልደው፣ አራተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ሐር መሸመን ጀመሩ። አቶ ቲያንን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ሰው ማስከፋት አይሆንላቸውም ነበር፤ ሾርባው ጨው ቢበዛበት እንኳ «እሰይ፣ እንዴት ይጥማል» እያሉ ስለሚጨርሱት፣ እኅታቸው ወይዘሮ ላምዱዋን «አንቺ እኮ መርዝ ቢሰጡሽ ድገሙኝ ትያለሽ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ዝም አሉ፤ እንቅልፍ ራቃቸው፣ የጀመሩት ሐር ላይ አቧራ ተኛበት። መድኃኒት ቢውጡም አልያዘላቸውም፤ እንደ ልማዳችን እጃቸው ላይ ነጭ ክር ታስሮ የራቀች ነፍሳቸው ብትጠራላቸውም አልተመለሰችም። ስለዚህ ታናሽ ልጃቸው ሱኒሳ፣ የአምስት ወር እርጉዝ ሳለች፣ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰደቻቸው።

ወጣቷ ሐኪም ዶክተር ፓቻራ፣ የሰው ራስ መንካት ነውር ነውና፣ አስቀድመው እጅ ነሥተው ይቅርታ ጠይቀው፣ ሽቦ የተሰካበት ቆብ አጠለቁላቸውና፣ ለድባቴ ሕመም ጭንቅላት ላይ በሚደረግ ማግኔት የሚሰጠው ሕክምና ይረዳቸው እንደሆነ ለመገመት የአንጎላቸውን ሞገድ ቀዱ። «እማማ፣ ግምት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ግን ሞገድዎ ማግኔቱ እምብዛም የማይረዳቸውን ሰዎች ይመስላል። እንሞክረው። በዐሥረኛው ቀን ካልተሻለዎት ጊዜ ሳናጠፋ ሌላ ሕክምና እንቀይራለን» አሏቸው።

ማግኔቱ ግንድ እንደምትቆረቁር ወፍ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል፣ ሱኒሳ ሆዷን አቅፋ ከበሩ ውጭ ትጠብቅ ነበር። ዐሥረኛው ቀን ደርሶ ሐኪሟ ሲጠይቋቸው፣ በዚያ ጠዋት አንዲት ጉርሻ ሩዝ ያልዋጡት ወይዘሮ ቡዋሎይ ፈገግ ብለው «ተሽሎኛል ልጄ፣ ተባረኪ» አሉ። ሐኪሟም ግምቱ በመሳሳቱ ደስ ብሏቸው ሕክምናው እንዲቀጥል አዘዙ።

መንገድ ላይ ሱኒሳ «እማዬ፣ ለምን ዋሸሽ?» ብትላቸው፣ «ያቺ ልጅ ስንት ለፋችልኝ፤ ቅስሟን ልስበር እንዴ? አንቺም እንዳትናገሪ!» አሏት። የእናትን ቃል በሐኪም ፊት ማፍረስ ነውር ሆኖባት፣ ሱኒሳም የሕክምናው ሠላሳ ቀን እስኪያልቅ አፏን ዘጋች።

ከዚያ ወዲያ እህል ጨርሶ ዘጋቸው፤ ሰውነታቸው አለቀ፤ የሳንባ ምች ሲይዛቸውም የሚቋቋሙበት አቅም አልነበራቸውምና ባለፈው ሐሙስ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ቡዋሎይ እኅታቸውን ወይዘሮ ላምዱዋንን፣ ልጆቻቸውን ፕራዊትንና ሱኒሳን፣ የአራት ወር የልጅ ልጃቸውን ፋይሊንን ትተው አልፈዋል። ከእነዚህ አንዷ ሱኒሳ ታማለች። ከወለደች ጀምሮ ልጇ ስታለቅስ ድምፅዋ ከጎረቤት እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማታል፤ ልጇን አቅፋ መቆም ያስፈራታል፤ ሰው ሲጠይቃት ግን ደህና ነኝ ትላለች። ማክሰኞ እሷም ያን ቆብ ታጠልቃለች። ሞገዷ የእናቷን ይመስል እንደሆነ አታውቅም፤ ከሞገዱ ይልቅ የምትፈራው የገዛ አፏን ነው። ስለዚህ አክስቷ ወይዘሮ ላምዱዋን አብረዋት ገብተው፣ እሷ ምንም ብትል፣ ቤት ውስጥ ያዩትን ሁሉ ለሐኪሟ እንዲነግሩላት፣ በእናቷ ሣጥን ፊት፣ ሁላችሁም እየሰማችሁ ትለምናቸዋለች።

የወይዘሮ ቡዋሎይ ነፍስ ማንንም ለማስደሰት ወደማትደክምበት ስፍራ ትድረስ፤ በዚያም ትረፍ።