ከመድረክ ሥር ያለችው

ፓሪስ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፤ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው የቴአትር አዘጋጅና ተዋናይ ሙሴ ኦክታቭ፣ ድሮ ከመድረክ ሥር ሆና የጠፋባቸውን ቃል ሹክ ትላቸው የነበረችውን ጀርሜንን ማድ ቤቷ ድረስ ገብተው ይለምኗታል።

ኦክታቭ፦ አንድ ምሽት ነው የምለምንሽ ጀርሜን። ቅዳሜን ብቻ። ከሥር ሆነሽ ቃሉን ሹክ ትይኛለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔንም አታዪው።

ጀርሜን፦ መጀመሪያ ይቀመጡ።

ኦክታቭ፦ መቀመጤ ምን ያደርግልኛል? የከዳኝ ቃሉ ነው። በገዛ እጄ የጻፍኩት ድርሰት፣ ጠዋት አጥንቼው ምሳ ሰዓት ላይ የለም።

ጀርሜን፦ ለመሆኑ ያንን ከመድረኩ ሥር የምቀመጥበትን ጉድጓድ ማን ነበር የዘጋው?

ኦክታቭ፦ እሱን አሁን ምን አመጣው?

ጀርሜን፦ አመጣዋ። ሃያ ዓመት ከእግርዎ ሥር አቧራ ስውጥ ኖርኩ። አንድ ቀን ጋዜጠኛ ሰብስበው፣ መዶሻ ይዘው፣ "አዲሱ ቴአትር አስታዋሽ አያሻውም፤ የረሳ ተዋናይ መርሳቱን ይጫወት" ብለው ሳንቃውን ቸነከሩት። ቦርሳዬ እንኳ እዚያው ቀረ። የበሉበትን ወጭት ሰባሪ።

ኦክታቭ፦ ልጅ ነበርኩ።

ጀርሜን፦ ሃምሳ ዓመትዎ ነበር።

ኦክታቭ፦ እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ። ሳንቃውን እኔው እነቅለዋለሁ። ድርሰቱ አሁንም አለሽ አይደል?

ጀርሜን፦ የት ይሄዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ኦክታቭ፦ ታዲያ እሺ በይኝ። ስልሳ ዓመት መድረክ ላይ ኖርኩ። ንጉሡን ጆንያ አለበስኩት፣ ተመልካቹን ሦስት ሰዓት አቆምኩት፣ ፖሊስ ሁለቴ አዳራሹን ዘጋብኝ። ይህን ሁሉ አድርጌ ዲዳ ሆኜ መሞት ፈራሁ።

ጀርሜን፦ ሙሴ፣ አንገትዎ ላይ ያለው ነጭ ቀለም ምንድን ነው?

ኦክታቭ፦ የቱ?

ጀርሜን፦ ያልታጠበው የመድረክ ቀለም። የትናንቱ። ቅዳሜ ትናንት ነበር።

ኦክታቭ፦ አትቀልጂብኝ።

ጀርሜን፦ በምን አንጀቴ እቀልዳለሁ? ሐሙስ መጥተው እንዲሁ ለመኑኝ፤ ጨክኜ እምቢ ማለት አቃተኝ። ሳንቃው ተነሣ፣ እኔም ገባሁ። መጀመሪያዋን ቃል፣ "በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ" የምትለዋን፣ ሹክ አልኩዎት፤ ዝም። ደገምኩ፤ ዝም። ሦስተኛ ስል ጎንበስ ብለው "እዚህ ሥር ማን አለ? አይጥ ነው፣ አስወጡልኝ" አሉ።

ኦክታቭ፦ እኔ? አንቺን?

ጀርሜን፦ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። ሁለት ጎረምሶች ብብቴን ይዘው አወጡኝ። እርስዎ ደግሞ አርባ ደቂቃ እንደ ምሰሶ ተገትረው ቀሩ፤ ሱሪዎ እስኪረጥብ።

ኦክታቭ፦ ሰዉ ጥሎ ወጣ?

ጀርሜን፦ ኧረ ቆሞ አጨበጨበ። ይህም አዲስ ቴአትር መሰለው። ባለ አዳራሹ ዛሬ በጠዋት ደውሎ፣ በየሳምንቱ ይቀጥላል፣ አንቺም እንዳትቀሪ፣ ሰው አይጧን ወዷታል አለኝ።

ኦክታቭ፦ አጨበጨቡ። ሰው ሲሰጥም እያዩ አጨበጨቡ። እንዲያ እንዲያዩ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ የዘራሁትን አጨድኩ። ጀርሜን፣ ሁለተኛ አልሄድም። ቢመጡም አትስጪኝ።

ጀርሜን፦ አልሰጥዎትም። ስልኩን ነቅዬዋለሁ፤ በሩንም ቆልፌዋለሁ። ሾርባ ላሙቅልዎ።

ኦክታቭ፦ ደግ ሰው ነሽ። አንቺ፣ የመጣሁበትን ሳልነግርሽ። አንድ ምሽት ነው የምለምንሽ ጀርሜን። ቅዳሜን ብቻ።

ጀርሜን፦ ዛሬ ነው እኮ ሙሴ። አሁን።

ኦክታቭ፦ አሁን? ሰው ገብቷል?

ጀርሜን፦ ሞልቷል፤ መቆሚያ የለም። ይኸው በማንኪያ ጠረጴዛውን ሦስቴ መታሁ፣ መጋረጃው ተገለጠ። በሉ ቀና ይበሉ። "በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ኦክታቭ፦ በሩን የዘጋሁት... በሩን... እዚህ ሥር ማን አለ?

ጀርሜን፦ ማንም የለም ሙሴ። ይቀጥሉ።