ከአልጋ ሳይነሱ ባሕር የሚታይበት ክፍል

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማነው? … አንተ ነህ እንዴ? ነፋሱ ድምፅህን በላው። ትንሽ ወደ ውስጥ ግባ… እንደሱ። አሁን ሰማሁህ።

— ደህና ነኝ። … ደህና ነን። የአንድ ሶፋ ሆድ ዕቃ ዘርግፌ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስፖንጁም ሽቦውም ዙሪያዬን ነው። ሥራ ነው፣ ሌላ ምን አለ። … ልጆቹስ? … ጀርባቸው ተላጠ? በመጀመሪያው ቀን ሲንቦጫረቁ ዋሉ ማለት ነዋ። ሸሚዝ አልብሰህ አስገባቸው። ውኃ ውስጥ ናቸው ብሎ የሚምር ፀሐይ የለም።

— ምኑ ነው አልከፈት ያለህ? … የመስኮቱ መዝጊያ? … የቱ፣ በአልጋው በኩል ያለው? … አትግፋው፣ ትሰብረዋለህ። ከሥር በመዳፍህ ወደ ላይ ታነሳዋለህ፣ ከዚያ በትከሻህ ቀስ አድርገህ… ቀስ ነው ያልኩህ። ጨው ያለበት አየር ነው እንጨቱን የሚያሳብጠው፣ በየዓመቱ እንደዚያ ያደርጋል። … ሂድ ሞክረው፣ እጠብቃለሁ።

— ምን አልሽ የኔ ዓለም? … ወንድሜ ነው፣ ትንሹ። … እሺ፣ እለዋለሁ።

— ሄሎ? … ተከፈተ? … ምን ይታይሃል? … ንገረኝ እንጂ፣ ምን ይታይሃል? … ጀልባዎቹ ወጥተዋል? … አዎ። … አዎ፣ ውኃው ጠዋት ጠዋት አረንጓዴ ነው። ሰማያዊ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጠብቀው። … አይ፣ ምንም አልሆንኩም። የስፖንጅ አቧራ ነው።

— እትዬህ ሰላም ትልሃለች። … እዚሁ ጓዳ ናት፣ ስፌት መኪናዋ ላይ። የመዋኛ ልብሷን እያጠበበች ነው። … አዎ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰፍቷት የለ? ማታ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች፤ እዚህ ጋ ሁለታችንም እንገባበታለን ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

— ለምን ማለት? ለባሕር ነዋ። … እሱን እነግርሃለሁ፣ መጀመሪያ አንተ ጨርስ። የት ነው የሚዋኘው አልከኝ? … እሺ፣ ልብ ብለህ ስማኝ። ፊት ለፊት እንዳትገቡ። ፊት ለፊቱ ያማረው ጃንጥላ ለሚያከራዩት ነው፤ ሥሩ ድንጋይ ነው፣ እግር ይቆርጣል። በስተግራ ታጠፉና ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን የሚጎትቱበትን እለፉ። ከዚያ ወዲያ አሸዋው ዱቄት ነው፤ ውኃውም እስከ ሩቅ ድረስ ከወገብ አይበልጥም። ልጆቹን እዚያ ልቀቃቸው። ጥቁሩ ቋጥኝ ጋ ግን ዝር እንዳይሉ። ላዩ ፀጥ ያለ ይመስላል፣ ከሥር ይስባል።

— ጠዋት ነው የሚሻለው፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ከምሳ በኋላ አሸዋውን እያፈሰ ዓይን ውስጥ ነው የሚከተው፤ ያን ጊዜ ገብታችሁ ተኙ። ወደ ማታ ደግሞ ውኃው ይሸሻል። ሲሸሽ መሐል ላይ የአሸዋ ጀርባ ብቅ ይላል፣ በእግር ይሄዱበታል። እትዬህ ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ ጫፉ ትሄድና እዚያ ቁጭ ትላለች። ነይ ውኃው ተመለሰ እያልኩ እኔ ከዳር እጮሃለሁ፣ እሷ አልሰማም ትላለች። … አዎ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ነው የምትመለሰው። ሁሌም።

— ዓሣ? ከመንገዱ ዳር አትግዛ፣ የትናንቱን ነው የሚያሸክሙህ። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ራስህ ውረድ። ዋጋ ሲነግሩህ አትከራከር፤ ዝም ብለህ ባሕሩን ተመልከት፣ ራሳቸው ይቀንሳሉ። … እሷ ናት ያስተማረችኝ። እኔማ የጠሩልኝን ከፍዬ አመስግኜ ነበር የምመለሰው።

— እማማ ቁልፍስ? አከራይ እንደሷ አይቼ አላውቅም። አሁንም የቤቱን ቁልፍ ሁሉ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትዞረው? … ምን አለችህ? … ባልና ሚስቱ የት ቀሩ አለች። … እና አንተ ምን አልካት? … ዘንድሮ አይመጡም አልካት። … ማን ነገረህ?

— አይ፣ አልተቆጣሁም። … አልተቆጣሁም አልኩህ እኮ። ቆይ አንዴ።

— ወዬ? … ክር? እኔ ልግዛልሽ፣ አንቺ ተቀመጪ። … እሺ፣ እሺ። ቀስ እያልሽ። ሻርፕሽን ያዢ፣ ብርድ ነው። … እነግረዋለሁ፣ ሂጂ።

— ሄሎ፣ አለህ? … ክር ልትገዛ ወጣች፣ በራችን ላይ ካለው ሱቅ። እኔ ልሂድ ብላት ቀለም አትለይም አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስመርጥ ኖሬ ቀለም አልለይም። … ንገረው ያለችኝን ልንገርህ? አልጋውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጎ ይቆየኝ ነው ያለችው። … አዎ። የምንመጣ ይመስላታል።

— እንግዲህ ሳትመለስ ላውራህ፣ አታቋርጠኝ። ያን ቀን እቤትህ ራት ስንበላ አፌን ይቁረጠውና ስለዚያ ክፍል አወራሁ። አንተ ለባሕር ደንታም አልነበረህም፤ እኔ ነኝ እንደ ደላላ ሳዳንቅ ያመሸሁት። ደረጃ የለው፣ ዳገት የለው፣ በሩን ስትከፍት እግርህ አሸዋ ላይ ነው፣ ከአልጋ ሳትነሳ ባሕሩን ታያለህ እያልኩ። እሷም ሞቅ አላትና ጫጉላችን ላይ ውኃ ስትፈራ እንዴት ማጅራቷን ይዤ እንዳንሳፈፍኳት አወራች። ልቀቀኝ ስለው አይለቀኝም፣ አትልቀቀኝ ስለው ይለቀኛል ብላ ሁላችሁንም አሳቀቻችሁ። ትዝ ይልሃል? … በማግስቱ ደውለህ ክፍሉን ያዝክ።

— ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታማለች፣ ዘንድሮ የትም አይሄዱም ብለህ ነው። … እማማ ቁልፍም ብትሆን ወንድሙ ነኝ ስትላት ለእኛ የምትይዝልን መስሏት እኮ ነው የሰጠችህ። እኔ ስደውልላት ተይዞላችሁ የለ እንዴ ብላ ደስ አላት። እውነቱን ልነግራት አፍሬ ዘጋሁት። ለእትዬህም ክፍሉ ተይዟል አልኳት። ውሸት አይደለም፣ ተይዟል።

— ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ባሕሩ ጉልበቴን ይመልስልኛል ትላለች። መድኃኒቷን ሳትለመን የምትውጠው ለሱ ብላ ነው። … ስለዚህ ልልህ የፈለግኩት… ለጥቂት ቀን ልቀቁልን። ሳምንት እንኳ ባይሞላ።

— ቅዳሜ ምን አለ? … የሚስትህ አባትና እናት ይመጣሉ። … ወቅቱን በሙሉ ከፍለህበታል፣ አውቃለሁ። … ፎቁ ላይ ያለው ክፍል? ደረጃው አይሆንላትም። … ልዘላትማ እችላለሁ፣ ምን ክብደት አላት። አትታዘልልኝም እንጂ። ታውቃታለህ፣ እኔ ሬሳ ነኝ እንዴ ብላ ነው የምትጮህብኝ።

— ወንድሜ፣ እኔ አንተን ለምኜህ አውቃለሁ? … አላውቅም። አሁን ስለምንህ ነው። … እሺ፣ ሚስትህን ጠይቃት። እጠብቃለሁ።

— … … ሄሎ፣ እዚህ ነኝ። … እህ። … እህ። … አማቾችህ እዚያ ድረስ መጥተው የት ያድራሉ። ልክ ነው። … ኧረ እሷም ልክ ናት፣ አትቆጣት።

— የሚቀጥለው ዓመት? … አንተው ከፍለህ ታስይዝልናለህ፣ ወቅቱን በሙሉ። … እግዜር ይስጥልኝ። … አይ፣ ማሾፌ አይደለም። ደግ ነህ፣ ሁሌም ደግ ነህ። … አይገባህም። ሳልነግርህ እንዴት ይግባህ።

— የሚቀጥለው ዓመት የላትም። … ሰማኸኝ? የላትም። … ከፍተው አይተው መልሰው ሰፏት፣ ያወጡት ነገር የለም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። እሷ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮቴን ይዛልኝ ቁጭ ብላ ነበር። … ወራት እንኳ አላለኝም። ሳምንታት ነው ያለኝ። … አታውቅም። ስወጣ ምን አለህ አለችኝ፣ ቁስሉ ደርቋል፣ የቀረሽ ጉልበት ብቻ ነው አልኳት። እሰይ ብላ ኮቴን አለበሰችኝ።

— አታልቅስ። … ልጆቹ ይሰሙሃል፣ አታልቅስ እባክህ። … እኔማ ቀን ከሌት ነው የምዋሸው። ሾርባ ሳቀርብላት እዋሻለሁ፣ ትራሷን ሳስተካክል እዋሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ልብሱን ስትለካ ብዙ አታጥብቢው፣ ትወፍሪያለሽ አልኳት። በዚህ አፌ። … እንዴት ብዬ ልንገራት? አንተ ንገራት ብልህ ትችላለህ? … ደክሞኛል። በጣም ደክሞኛል። ሶፋ ውስጥ አንገቴን ቀብሬ ነው የማለቅሰው፣ ስፖንጅ ድምፅ ይይዛል።

— … ምን? … ዛሬውኑ? … ሚስትህ ሰማች? … ዕቃውን እሷው እየሰበሰበች ነው። … እግዜር ይባርካት። … አማቾችህንስ? … እሺ። … እሺ ወንድሜ። … ትራሱን በእግር በኩል አድርጉት፣ ጋደም ስትል ፊቷ ወደ ውኃው እንዲሆን። አንሶላ ከቤት እናመጣለን፣ የዚያ ቤት አንሶላ አሸዋ አያጣም። … ነገ ጠዋት እንነሳለን። መኪና እለምናለሁ፣ የኋላ መቀመጫውን ስፖንጅ አነጥፍበታለሁ፤ እሱስ ሙያዬ ነው። … ለሷ ግን ልጆቹ ትምህርት ደርሶባቸው ነው የሄዱት እላታለሁ፣ አንተም እንደዚሁ በላት፣ እንዳንለያይ። ምንም ሳታውቅ ባሕሩን አይታ…

— … ቆይ። … ሄሎ፣ ቆየኝ አንዴ።

— መቼ ገባሽ?

— … አለሁ፣ አለሁ። … በሩ ላይ ናት። … ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም። … እንጃ። ሻርፗን እንኳ አላወለቀችም።

— ወንድሜ እኮ ነው። ክፍሉን… ክፍሉ ለኛ ሆኗል። ነገ እንሄዳለን። ነይ ቁጭ በይ። … ነይ እንጂ የኔ ዓለም፣ ቆመሽ አትቅሪ። …

— አታለቅስም። … አይ፣ አልተቀመጠችም። ታየኛለች። … አንተም ትንሽ ዝም በል፣ የሆነ ነገር እያለች ነው።

— ምን አልሽ?

— … …

— አለሁ። … አይደለም፣ ስለ ክፍሉ አይደለም የጠየቀችኝ። … ሐኪሙ ስንት ሳምንት ነው ያለህ ትለኛለች። … ዓይን ዓይኔን እያየችኝ መዋሸት አልችልም። … በል፣ ልዝጋው። መልስ እየጠበቀች ነው።