ነጩ ላይ ጠብ ያደረግኳት ሰማያዊ

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... አንቺ ነሽ እንዴ! ቆይ ቆይ፣ መሰላል ላይ ነኝ። በአንድ እጄ ብሩሽ፣ በአንድ እጄ ስልክ ... አይ፣ አልወድቅም! አርባ ዓመት ቀለም ሲቀባ የኖረ ሰው ዛሬ ልጁ ስለደወለች ይወድቃል?

... የት ነሽ? ይሄ ሁሉ ጡሩምባ ምንድነው? ... መናኸሪያ?! ... የአራት ሰዓቱ አውቶቡስ። እሺ። ለእናትሽ ነግረሻታል? ... አልነገርሻትም። እኔ እንድነግርልሽ ነዋ የደወልሽው። ብልጥ!

... አዎ፣ ፊልሙን ያሳየሽበት አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ... ማን ነው ሰው ሁሉ ሳቀብሽ ያለሽ? ትናንት ፊልሙ ላይ በሬው ሊፍት ውስጥ ሲገባ አሥራ አምስት ሰው ተነስቶ ሲወጣ አየሽና አንቺም አብረሽ ወጣሽ። ራስሽ ያመጣሽውን ፊልም ጥለሽ! ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ የት ታውቂያለሽ? ... ስሚኛ። ሻንጣሽ ላይ ቁጭ በይና ስሚኝ።

... አዎ፣ ሥጋ ሻጩ ወጥቷል። «ፊልሙን የሠሩት ጣልያኖች ያን ሁሉ ሐርና ሻማ አባክነው አንዲት ታሪክ መናገር አቃታቸው» ብሎ ወጣ። ግን በር ላይ ቆሞ ነበር የሚያየው። እስከ መጨረሻው! በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ፣ ያቺ የፊልሙ ሴትዮ ከበር ስትወጣ ቀሚሷ ተጎትቶ ተጎትቶ አላልቅ ሲል፣ አለቀሰች። ... ኧረ አዝና አይደለም! «ይሄን ማን ሰፋው? ስንት ሰው አጎንብሶ ሰፋው?» እያለች ነው።

— ኧረ ያዝ አንተ! አትልቀቀው! ... አንቺን አይደለም፣ ፀጉር አስተካካዩን ነው። ጋሽ መቀስን። መሰላል ሊይዝልኝ መጥቶ ... እሱማ ፊልሙን ጠልቶታል። «ሰውዬው ምላጭ አያያዝ አያውቅም፤ የጺሙ አረፋ በረዶ ሆኖ ቤቱን ሲሞላው ዝም ብሎ ይላጫል» ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። የጠላ ሰው እንዲህ ያወራል?

... ሄሎ? ... አዎ፣ ሲያልቅማ መብራት በራ፣ ወደ ቤቱ የሄደ ግን የለም። ሲስተር ተነሳች። ነርሷ፣ ያቺ ዝምተኛዋ። «ሰዎቹ በሙሉ ሙታን ናቸው» አለች። ... ሙታን! «ይሄን የፊት ቀለም ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው አንዱ ሲጠይቅ ሌላው የማይመልሰው። ለዚህ ነው ባሕር ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ሲበሉ እግራቸውን የማይበርዳቸው።» ከዚያ መቀስ ብድግ ብሎ «የሞተ ሰው ጺም አይላጭም!» ... በቃ። አሁን ሰፈሩ ሞተዋል ባይና አልሞቱም ባይ ሆኖ ለሁለት ተከፍሏል።

... ምን ያስቅሻል? ... አልሞቱም? ዳይሬክተሩ እንደዚያ አላሰበም? ... አውቃለሁ። ቆይ፣ ድምፄን ልቀንስ።

... ፊልሙን ያሳየሽበት ግድግዳ ነው። ስቀባው ነጩ ላይ ሰማያዊ ጠብ አድርጌበት ነበር። ... ትንሽ! ነጭ ብቻውን ሲቆይ ይወይባል፤ የሚያነጣው ሰማያዊ ነው። የእኔ ነጭ ከሌላው ለምን የሚለይ ይመስልሻል? ትናንት «አባዬ፣ ሰዎቹን ውሃ የበላቸው አስመሰልካቸው» ስትዪኝ በጣም ነበር የተናደድኩት። ሲስተር ስትናገር ግን ላብ አጠመቀኝ። ... አዎ፣ ተሳስቻለሁ። ሁለተኛ አታስብዪኝ፣ መቀስ እየሰማ ነው።

— ምንም አላልኩም! አንተ መሰላልህን ያዝ!

... እና ቅዳሜ ድጋሚ ካላየነው ብለዋል። ሥጋ ሻጩ ራሱ! ... እኔ ለምኜ? ማንንም አልለመንኩም። ለዚህ ነው እንደ አዲስ የምቀባው። ንጹሕ ነጭ፣ ጠብታ የለበትም። አንድ ጊዜ የቀባሁትን ለማንም ብዬ ደግሜ አላውቅም፤ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ደጅ ጠንቶኝ እንኳን እምቢ ብያለሁ።

... ምኑ ነው የሚያሳፍርሽ? ... «የተማርኩት እዚህ አይሠራም»? ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ የተማርሽው ሰው ዝም ብሎ እንዲያጨበጭብልሽ ነው? በወንበር ሊማቱ ነበር እኮ! እዚህ አዳራሽ ሰው ስለ ውሃ ቧንቧ እንጂ ስለ ፊልም ሲጣላ አይቼ አላውቅም። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ «ያመጣችው ልጄ ናት» አልኩ። ... ማንም አልጠየቀኝም። እንዲሁ አልኩ።

... ሄሎ? ... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ... አለሽ። እንግዲያው አፍንጫሽን ተናፈጪ።

... ምን? ... የቱ ጋ ደረስኩ? ከግራ ጀምሬ መሃል ላይ ነኝ። ... ልተወው? ግማሹን? ... ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ የነካው ... ሰዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ መሃል ላይ እንዲሞቱ?! ... ኧረ አንቺ ልጅ! ጉዴን አደባባይ ልታወጪው ነው እንዴ? ግድግዳ ጀምሮ በግማሽ ተወው ልባል? በዚህ ዕድሜዬ?

... ቆይ እስኪ ዞር ብዬ ልየው።

... ሁለቱም ይታያሉ። መቀስም አየው፤ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

... እሺ። ግን እንዲህ ተዝረክርኮ አይቀርም! መሃሉ ላይ እንደ ክር ቀጥ ያለ መስመር ይወርድለታል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ትንሽ ሳለሽ ጠርዝ ጠርዙን ማን ነበር የሚቀባልኝ? ... እኮ። ቀጭኗ ብሩሽ እቤት፣ ከበሩ ኋላ ተሰቅላለች። ይዘሻት ነይ።

... ሹፌሩ ምን አለሽ? ... እና ንገሪው፣ አልሄድም በዪው! ሻንጣሽን ሳይጭነው።

... በይ ዝጊው አሁን። ሁለቱም እጄ ያስፈልገኛል።