ንጹሕ ነው የተባለው ልብ

ሠላሳ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዱት ጡረተኛ፣ የሆስፒታሉ ሊፍት ስለተበላሸ ደረጃውን ሲወጡ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። የብረቱን መደገፊያ ጨብጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ ከላይ ትወርድ የነበረች ነርስ ድንገት ቆመች። የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት።

«አጎቴ! ምነው? ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑ ይነገራል? ምርመራ አልፈልግም ብዬ ልፈርምላቸው መምጣቴ ነው።»

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ የልብ ምታቸውን ቆጠረች። እሳቸው ግን ነገራቸውን አልተዉም።

«ባለፈው ሳምንት በመርፌ ቀለም አስገብተው የልቤን ደም ሥር ፎቶ አነሱ፤ ንጹሕ ነው አሉ። አሁን ደግሞ ቱቦ እናስገባ ይሉኛል። ጤነኛን ሰው መነካካት ምን የሚሉት ነው?»

«ጤነኛ ሰው ደረቱን ይዞ ደረጃ ላይ ይቆማል እንዴ?»

ደረታቸው ላይ የቀረውን እጃቸውን አወረዱ።

«ይስሙኝ አጎቴ። ያ ፎቶ የሚያሳየው ደሙ የሚያልፍበትን ክፍተት ብቻ ነው። ስቡ የሚጠራቀመው ግን ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ወደ ውጭ እየሰፋ ክፍተቱ ደህና ሊመስል ይችላል። የሚያስገቡት ቱቦ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው መሣሪያ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ሲመለስ የግድግዳውን ውስጥ ስክሪን ላይ ያወጣዋል። ያው እርጉዝ የምትታይበት አልትራሳውንድ ነው።»

«በስተርጅና እርጉዝ አደረግሽኝ!» አሉ፤ ሳቁ ግን አልወጣላቸውም። «ደም ሥሬን ቢጎዳውስ?»

«ምንም አይነካዎትም ብዬ አልዋሽዎትም። የሚጎዳው ግን ከስንት አንዱን ነው።» እጃቸውን ለቀቀች። «የአባቴም ፎቶ ንጹሕ ነበር። እልል እያልኩ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ቀን ነው የቆየው። ያኔ ይህ መሣሪያ እዚህ አልነበረም።»

ሽማግሌው ስለ ወንድማቸው ሲጠየቁ ሁልጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይሉ ነበር። አሁን ግን ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸክመሽ ኖርሽ፣ ልጄ?» አሉ። ቀጥለውም «በይ፣ እሺ የሚባልበት ወረቀት የት ነው?»

በማግስቱ ሐኪሙ ቱቦውን በእጃቸው አንጓ በኩል አስገባ። ፎቶው ያላሳየው ወፍራም ስብ በዋናው የልብ ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ። ሐኪሙም ስቴንት የሚባለውን፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ጥልፍልፍ ብረት አኖረ፤ በልኩ መቀመጡንም በዚያው መሣሪያ አይቶ አረጋገጠ። ሕመም ስላልታየ የለም ማለት አይደለም፤ በጊዜ የተገኘ ግን በጊዜ ይታከማል።

በወሩ ለክትትል ሲመጡ ደረታቸው ቀልሏቸው፣ ፊታቸው ወዝቶ ነበር። የወንድማቸውን ልጅ ፈልገው አገኟት።

«አባትሽም እኔም ከአንድ ማሕፀን ነን» አሏት። «አንቺስ ልብሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ?»

ያን ሁሉ ስታስረዳ የነበረችው ነርስ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አጎቷ እጇን ይዘው ከታካሚዎቹ ሰልፍ መጨረሻ አቆሟት፤ ተራዋ እስኪደርስም አብረዋት ቆሙ።