ከአጥር ውጭ የበቀለው ሙዝ

ቢላዬን ላስል ቢላና መጋዝ የሚስለው ሰውዬ በር ላይ ተሰልፌ ከፊቴ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ጋሼ መጥረጊያ! ሰፈሩ ይሄን ስም ያወጣላቸው ወዶ አይደለም። ሙዝ እርሻቸው ውስጥ አንዲት የደረቀች ቅጠል ካዩ እንቅልፍ የላቸውም። የተቆረጠ ግንድ በሉት የረገፈ ቅጠል፣ ሁሉንም ጠርገው ከአጥር ውጭ ነው። መሬታቸው እንደ ሳሎን ነው፤ ጫማህን አውልቅ ሊሉህ ምንም አልቀራቸውም።

«መጋዙ ለምንድነው ጋሼ?»

«ነገ የጓሮውን ጫካ ልገነድሰው ነው። ሙዙ ደከመብኝ እኮ! ቅጠሉ ከጠርዙ እሳት እንደነካው ይነዳል፣ ፍሬው ጣቴን አያህልም። መሬቱ አርጅቷል፣ አዲስ ልክፈት እንጂ ምን ልብላ?»

«ኧረ በፈጠረዎት አጎቴ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። የእህታቸው ልጅ ናት፤ አፈር ምርመራ ቤት ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትመለስ አይታን ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«መጣች ደግሞ» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ጭቃ ለማየት ዩኒቨርሲቲ የገባች!»

«ይሳቁብኝ፣ ግን ይስሙኝ። ጠርዙ የሚነደው ፖታሺየም አንሶት ይመስለኛል።»

«ማን አንሶት?»

«ፖታሺየም። አፈር ውስጥ ያለ ምግብ ነው፤ ሙዝ ደግሞ ለእሱ ሆዳም ነው።»

«ጫካው አፈር ውስጥስ አለ?»

«አለ እንጂ፣ ከእርሻዎ ይሻላል።»

«ይኸው! ራስሽ መሰከርሽልኝ፤ ለዚህ አይደል የምቆርጠው?»

እኔም በሆዴ «አሁን ያዟት» አልኩ። እሷ ግን ፈገግ አለች።

«ጫካውን ማንም ስለማይጠርገው እኮ ነው። ሥሩ ከታች ይስባል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ በስብሶ የወሰደውን ይመልሳል። እርስዎ ፍሬውን ለገበያ፣ ግንዱንና ቅጠሉን ለውጭ! የተረፈችውን ደግሞ ዝናብ ያጥባታል።»

«አባቴ ይሄንኑ እርሻ የመነጠረ ጊዜ ግን ሙዙ ያስፈራ ነበር!»

«የአመዱ ጉልበት ነዋ! አቃጠሉት፣ አመዱ አበላው፣ አመዱ አለቀ። አዲሱም እንደዚያው ያልቅብዎታል። ከዚያስ? ወደ ጎረቤት ጓሮ?»

ሳቅ አመለጠኝ። ጋሼ አፈጠጡብኝ፤ «አንተን ደግሞ ማን ጠየቀህ?»

ልጅቷ ክንዳቸውን ይዛ «አንዴ የእርሻዎ አጥር ጋ እንሂድ» አለች። ሄድን። ጋሼ ጥራጊ የሚደፉበት ቦታ ላይ ማንም ያልኮተኮተው ሙዝ ቆሟል። ቅጠሉ እስከ ጠርዙ አረንጓዴ ነው፤ ዘለላው ግንዱን አጉብጦታል።

«ማን ተከለው?» አለች።

«ማንም። ነቅዬ ከጣልኩት ነው የበቀለው።»

«ከውስጦቹ ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸዋ። ይሄኛው ለምን ወፈረ?»

ጋሼ ቅጠሉን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ቀስ ብለው «የገዛ ሙዜን ቀለብ ለአጥር ሳበላ ኖሬያለሁ በይኝ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ግንባራቸው ተቋጠረ። «እርሻዬ ቆሻሻ ሲለብስ ግን ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ያውራ፣ ሙዙ ይብላ!»

ሳይወዱ በግድ ሳቁ። «እሺ አንቺ ጭቃ መርማሪ፣ አሸነፍሽ። ጫካው ይቆይ።»

በማግስቱ ጥራጊውን ወደ ውስጥ አጋዝን። ግንዱን ከትፈን በየሙዙ ዙሪያ በተንነው፣ የምድጃውንም አመድ ሳሳ አድርገን ነሰነስን። እሷም አፈሩን መርምራ የጎደለውን በማዳበሪያ አሟላችላቸው።

እንግዲህ ጥቅሙን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝናቡ ሲያባራ አዲሱ ቅጠል ጠርዙ ሳይነድ ወጣ፣ ዘለላውም ሞላ። የለበሰ አፈር ውሃ ይይዛል፣ ጎርፍም አይወስደውም። ጫካው እንዳለ ነው፤ ለምንጣሮ የሚወጣ ጉልበት ለቤት ተረፈ። ከእርሻችን የምናወጣውን ካልመለስን ስንት ጫካ ብንመነጥር አይበቃንም።

ባለፈው ልጠይቃቸው ገብቼ ስወጣ ጫማዬ ላይ የተጣበቀች ደረቅ ቅጠል ከአጥር ውጭ ላራግፍ በሩ ጋ ደረስኩ። ጋሼ ከሙዙ መሃል ጮኹብኝ።

«አንተ! ወዴት ልትወስዳት ነው? መልሳት፣ ሙዞቼ ገና አልበሉም!»