አቶ ጉልላት ያልላኩት ሽማግሌ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ አቶ ጉልላት ያላስታረቁት ሰው ቢኖር ገና ያልተጣላ ብቻ ነው። እንግዲህ እኚህ ሰው፣ የገዛ ልጃቸው ታቢታ ከዶርም ጓደኛዋ ከኢያኤል ተኳርፋ ቤት መጥታ «ሰኞ ሄጄ ስሜን አሰርዛለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ይቅርብኝ» ስትል እንዴት ዝም ይበሉ? ሽማግሌ ሊሰበስቡ ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ባጃጅ ተሳፈሩ። ከጎናቸው የጎረቤታቸው ልጅ ኤልናታን ተቀምጦ ኖሯል፤ ሥራው ተማሪዎችን ማማከር ነው።

«ጋሼ ጉልላት፣ ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ሽማግሌ ልልክ ነዋ! ጓደኛዬ ሰላምታዬን አልመለሰችም ብላ ትምህርት የምትተው ልጅ ወልጄ!»

«ለመሆኑ ታቢታ እንደ ድሮዋ ትበላለች?»

«የት በልታ! ቀኑን ሙሉ ተጋድማ ነው። ያ የምትወደው መዝሙር እንኳ አስጠልቷታል። ከፋሲካ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ቤት ስትመጣም እንዲሁ ነበረች።»

«ጠቡስ መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ጠቡ አይደለም ያሳመማት። ሕመሟ ነው ጠቡን ያገዘፈው።»

ይህ ነገር ለአቶ ጉልላት አልጣማቸውም። «የምን ሕመም?»

«ድባቴ ይመስለኛል፤ ሐኪም ይያት። ድባቴ የያዘው ተማሪ ጓደኛው ዝም ሲለው የጠላው ይመስለዋል። ጠይቆ እንዳይረዳ አቅም ያጣል፤ መሸሽ ብቻ ይታየዋል። ሽማግሌ ፊት ሲያቆሟትማ ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ይብስባታል።»

«በእኛ ጊዜ ድባቴ የሚባል ነገር አልነበረም!»

«ነበረ እንጂ! ሰነፍ እየተባለ ስንቱ ከትምህርት ቀረ።»

«ጸሎትስ?»

«ይጸለይ! ወባ ሲይዝዎ ጸልየው ጤና ጣቢያ ይሄዱ የለም እንዴ?»

አቶ ጉልላት ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው ግን ታቢታ ትዝ አለቻቸው። ሰነፍ ያሏት እርሳቸው ነበሩ። «ሹፌር፣ መልሰኝ!»

«ፋዘር፣ ገና አልደረስንም እኮ!»

«ቤቴ ነው የምደርሰው!»

ቤት ደርሰው የልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ታቢዬ፣ ሰነፍ ያልኩሽን ይቅር በዪኝ። ምንድን ነው የሚሰማሽ?» ታቢታ አባቷን ተደግፋ አለቀሰች። ሰኞ ስሟን ልታሰርዝ ሳይሆን ከአባቷ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ነገሩ በአንድ ጀምበር አልተፈታም፤ ሕክምናውም ምክሩም ጊዜ ወሰደ። እያደር ግን እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ምግብ ጣማት። አንድ ቀን ማንም ሳይገፋፋት ለኢያኤል ደወለች።

«ሰላም ስልሽ ለምን ዘጋሽኝ?»

«ውይ ታቢ! ያን ቀን በፈተና ወድቄ ማንንም አላየሁም። ሳትነግሪኝ ስትጠፊ እኮ እኔ ነኝ ያስቀየምኳት ብዬ ተጨነቅሁ!»

ሁለቱም ሳቁ። ታቢታም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የተማሪ ጠብ ሲመጣ አቶ ጉልላት ሽማግሌ ጓደኞቻቸውን እንዲህ ይሏቸዋል፦ «ማን በደለ ከማለታችን በፊት፣ ልጁ እንዴት ከረመ እንበል። ልቡ ከዳነ እርቁን ራሱ ያውቅበታል፤ እኛ ለምሳው ብንጠራ ይበቃናል!»