የትርንጎ ዋስ

ዓርብ ከሰዓት፣ በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰው ሀብት ቢሮ መስኮት ፊት ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ፤ ትርንጎና ዘውገ ሁለቱም የዓሣ ተመራማሪዎችና የድሮ ጓደኛሞች ናቸው።

ትርንጎ፦ ዘውገ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ነው። ወይ ፈርም፣ ወይ አልፈርምም በል።

ዘውገ፦ ምን አስቸኮለሽ? ኖርዌይ የት ትሄዳለች?

ትርንጎ፦ እስከ ዛሬ ማታ የዩኒቨርሲቲውን ፈቃድ ካልላክሁ ኖርዌዮቹ የምርምር ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ፈቃዱን ደግሞ ያለ ዋስ አይሰጡኝም። ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬሃለሁ።

ዘውገ፦ በስልክማ ሰምቻለሁ። ፊትሽን እያየሁ ልስማው ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ መታወቂያህን ይዘሃል?

ዘውገ፦ ይዣለሁ።

ትርንጎ፦ ታዲያ ልትፈርም ነዋ የመጣኸው።

ዘውገ፦ ስትለምኚ ላይሽ ነው የመጣሁት። ከኔ በፊት ማንን ጠየቅሽ?

ትርንጎ፦ ማንንም።

ዘውገ፦ ተይ እንጂ! ባልደረባችን በላቸውስ?

ትርንጎ፦ ሚስቴን ላማክር አለኝ።

ዘውገ፦ መቼ?

ትርንጎ፦ ከፋሲካ በፊት። እስካሁን እያማከራት ነው።

ዘውገ፦ ዲኑስ?

ትርንጎ፦ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ሲጠራ ግን ሰምቼው አላውቅም።

ዘውገ፦ ወንድምሽ አለ አይደል?

ትርንጎ፦ ደሞዝተኛ ዋስ ነው የሚፈልጉት። እሱ ባጃጅ ነው የሚነዳው።

ዘውገ፦ አልፈርድባቸውም። አንቺ እዚያው ብትቀሪ ከማን ደሞዝ ነው የሚቆረጠው? ከዋሱ። የሄደ ሁሉ ሲቀር እያዩ ማን አንገቱን ያስገባልሻል?

ትርንጎ፦ አንተ ተመልሰሃል።

ዘውገ፦ እሱን አታንሺብኝ።

ትርንጎ፦ አነሳለሁ። ቤልጅየም ስትሄድ ዋስህ እኔ ነበርኩ። እዚሁ መስኮት ላይ ነው የፈረምኩልህ። ያን ጊዜ ያንተንም ፊት የሚያይ ሰው ጠፍቶ ነበር።

ዘውገ፦ ፈርመሽ ብትተዪኝ ጥሩ ነበር። እሁድ እሁድ ማን ነበር የሚደውለው?

ትርንጎ፦ ፈርቼ ነዋ።

ዘውገ፦ ምን ነበር የምትዪው? በይ ድገሚልኝ።

ትርንጎ፦ ኧረ ዘውገ፣ ሰው ይሰማል።

ዘውገ፦ ይስማ። ካልደገምሽው አልፈርምም።

ትርንጎ፦ … «ዘውግዬ፣ ደሞዜ ቢቆረጥ እማዬን ምን አበላታለሁ?»

ዘውገ፦ በዚህ ድምፅ አልነበረም። እያለቀስሽ ነበር።

ትርንጎ፦ ዛሬ አላለቅስልህም።

ዘውገ፦ እኔ ግን አልቅሻለሁ። ሥራ ሰጥተውኝ ነበር እኮ! የዚያ አገር ፍቅረኛዬ ሊዝቤት ቤት አግኝታልን መጋረጃ እየመረጠች ነበር። የትርንጎ እናት ጦሟን አደረች ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። መጥቼስ?

ትርንጎ፦ ላቦራቶሪ አቋቋምክ።

ዘውገ፦ አሹፊ! ማይክሮስኮፑ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። የናሙና ማቀዝቀዣው ውስጥ የጥበቃዎቹ ምሳ ነው ያለው። አንቺስ ማመልከቻሽ ላይ ምን አልሽ? «ተመልሼ ላቦራቶሪ አቋቁማለሁ» አልሽ አይደል?

ትርንጎ፦ ሁሉም እንደዚያው ነው የሚጽፈው። አገርሽን በምን ትጠቅሚያለሽ ሲሉኝ ምን ልበል? በየዓመቱ አመለክታለሁ፣ በየዓመቱ «እናዝናለን» ይሉኛል። ዘንድሮ ገና እሺ አሉኝ። የሐይቃችንን የዓሣ ትል በአጉሊ መነጽር እያጨነቆርኩ ያጠናሁ ሰው ነኝ። እዚያ መሣሪያ አለ። ስድስት ወር ብቻ ነው፣ ዘውገ። ፀጉሬ ሸበተ እኮ።

ዘውገ፦ ኖርዌይ ሲደርስ ይጠቁራል? ደግሞ በትልሽ የተገረሙ እንዳይመስልሽ። ድረ ገጻቸው ላይ አንድ ጥቁር ፊት ጎድሎባቸው ይሆናል።

ትርንጎ፦ ይሁና። ፊቴን ይለጥፉት፣ መሣሪያውን ይስጡኝ።

ዘውገ፦ ክብርሽንም ጨርሰሻል ማለት ነው።

ትርንጎ፦ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ነው የጨረስኩት።

ዘውገ፦ እሺ፣ ልጠይቅሽ። እናትሽ እማማ ወርቄ አርፈዋል፤ የለቅሶውን ድንኳን ከተከሉት አንዱ እኔ ነኝ። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። ታዲያ ምን ይመልስሻል?

ትርንጎ፦ አንተ።

ዘውገ፦ እኔ?

ትርንጎ፦ ሚስትህ ልትወልድ ነው። በአራስ ቤት ደሞዝ እንዲቆረጥ አደርጋለሁ? እኔን አታውቀኝም?

ዘውገ፦ አውቅሻለሁ። አንጀትሽ ቡቡ ነው። ዓሣ ስትሰነጥቂ እንኳ ይቅር በለኝ የምትዪ ሴት ነሽ። ስለዚህ እፈርማለሁ። ስለምወድሽ እንዳይመስልሽ ግን። እንድትቀምሺው ነው።

ትርንጎ፦ ምኑን?

ዘውገ፦ ኑሮ ሲሞላልሽ፣ ነጮቹ «እባክሽ ቆዪ፣ ሥራ አለ» ሲሉሽ፣ ያኔ እደውላለሁ። የሚወለደውን ልጅ ቆንጥጬም ቢሆን ለቅሶውን አሰማሻለሁ። «ትርንግዬ፣ ምን ላበላው?» እልሻለሁ። ሻንጣሽን ይዘሽ ትመጪያለሽ። መጥተሽም እስክትሞቺ እዚሁ ከእኔ ጋር የአንደኛ ዓመት ፈተና ታርሚያለሽ።

ትርንጎ፦ እሺ።

ዘውገ፦ እሺ ብቻ?

ትርንጎ፦ ምን ልበል? እግርህን ልሳም?

ዘውገ፦ ብትስሚ አልከለክልም። ይልቅ እስክሪብቶ አምጪ። የት ላይ ነው?

ትርንጎ፦ እዚህ ጋ። ሙሉ ስምህን ጻፍ።

ዘውገ፦ ያውልሽ። አገኘሽው።

ትርንጎ፦ ወይዘሮ ድንቄ፣ አይዝጉት! ይኸው ዋስ መጣ። … እግዜር ይስጥልኝ። አየህ፣ ማህተሙን መቱበት። ፈቃዴም በእጄ ገባ።

ዘውገ፦ መስኮታቸውንም ዘጉ። በቃ አለቀ፣ አንቺም እኔም መመለሻ የለንም። እንግዲህ እንደ ድሮሽ ነው፤ እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውላለሁ።

ትርንጎ፦ ደውል፣ ዘውግዬ። አንተ ታነሳ ነበር። እኔ አላነሳም።